ከዶሮዋ አስቀድሞ ማደሪያዋ
(በጥርባ ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዶሮ ቤት ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ያየሁትን ልንገረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት የቲሞችን ለምታሳድግ አንዲት እናት አምስት ቄብ ዶሮዎች ገዝተን ሰጠን፤ ዱዓ አድርገንም ተመለስን። ዶሮዎቹ የሚያድሩት በማጀቱ ጥግ፣ በተሰነጠቀ ሳንቃ በተከለለች ስፍራ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽለምጥማጥ በስንጥቁ ገብቶ አምስቱንም በአንድ ሌሊት ጨረሳቸው። በማግስቱ ትልቋ ልጅ ወደ እኔ መጥታ፣ «ኡስታዝ፣ አደራችሁን አልጠበቅንም፤ አፉ በሉን» አለችኝ። አፉ መባባል የነበረብን እኛ ነበርን። ዶሮ ሰጠን እንጂ ማደሪያ አልሰጠንምና።

ይህ ነገር ዛሬ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና እንቁላልን ከዋና ዋና ዓላማዎቹ መካከል አድርጓል፤ እንደ ሳሶና ኮይኮይ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችም በገጠሩ ታውቀዋል። የሐበሻዋ ዶሮ ዛፍ ላይ ወጥታ ነፍሷን ታድናለች። እነዚህ ግን ከባድ በመሆናቸው ከአውሬ ለማምለጥ ይቸገራሉ። ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ማደራቸውም አይበጅም፤ ኩሳቸው ሕፃናትን ለተቅማጥ ያጋልጣል፣ የምድጃው ጢስም የእነርሱን መተንፈሻ ይጎዳል።

እንጨቱ ከየት ይመጣል? አዲስ ጣውላ መግዛት ግድ አይደለም። የፈረሰ አጥር፣ ከአሮጌ ቤት የወረደ ወራጅና ማገር፣ የሱቅ ዕቃ የመጣበት ሳጥንና ፓሌት፣ የተጣለ በር ሁሉ ይሆናል። አዊም የቀርከሃ አገር ነው። ነገር ግን የተጣለ የመሰለንንም ቢሆን ባለቤቱን ሳናስፈቅድ አንውሰድ፤ የየቲም ቤት በሰው ሐቅ አይሠራም።

እንጨቱን ከሰበሰባችሁ በኋላ አንድ በአንድ በመዶሻ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ካሰማ ወይም ዱቄት ካራገፈ ነቀዝ ወይም ምስጥ ገብቶበታልና ለማገዶ ይሁን። ሚስማሩን ሁሉ በጉጠት ንቀሉ፤ የቀረ ሚስማር የዶሮዋን እግር ወግቶ ያሳብጣል። ቀጥሎ በፈላ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። አሮጌ ቀለም የተቀባ ሳንቃና በመድኃኒት የተነከረ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ስብርባሪ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ዶሮ የምታየውን ሁሉ ትለቅማለችና። ረጅሙን ለቋሚና ለወራጅ ለዩ፤ አጫጭሩ ለግድግዳ ይበቃል።

ለአሥር ዶሮ 2 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ወርድ ያለው ቤት ይበቃል። በአራት ቋሚዎች ላይ ከመሬት ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ክረምታችን ዝናቡ ብዙ ነውና እርጥበት ከታች እንዳይወጣ። አይጥ እንዳይወጣ ቋሚዎቹን በቁራጭ ቆርቆሮ ጠቅልሏቸው። ወለሉን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ሥሩት፤ ኩሱ ወደ ታች እንዲወርድ በመካከሉ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። የወረደው ኩስ ሲብላላ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ግድግዳውን ከታች ድፈኑት፤ ከጣራው ሥር ግን አየር የሚገባበት፣ በጠባብ ወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ክፍተት ይኑር። በሩ ንፋስ ከሚመጣበት ወገን አይሁን።

ከውስጥ ቆጥ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ስፍራ መድቡ፤ ለከባዶቹ ቆጡ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ አይርቅ፣ ጠርዙም የተላገ ይሁን። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ ገለባ የተነጠፈባት አንዲት መጣያ ሳጥን ትበቃለች። ለቀን መዋያ በአጥር የተከለለ ግቢ ሥሩ፤ ለእያንዳንዷ 1 ካሬ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። ከላይ ጭልፊት እንዳይወርድ ገመድ አመሳቅሉበት፤ በዙሪያውም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ።

ዳክዬ ለማርባት የሚያስብ ካለ ቤቱ ይለያል። ዳክዬ በቆጥ ላይ አትወጣም፤ የምታድረው በመሬት ላይ ነው። ስለሆነም ቤቷ ዝቅ ያለ፣ በሩ ሰፊ፣ ጉዝጓዙ ደረቅና ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ይሁን። ኩሬ ባይኖር እንኳ ጭንቅላቷን የምትነክርበት ጥልቅ የውኃ ዕቃ አይቅርባት።

በመጨረሻም፣ ጠንካራ ቤት ሽለምጥማጥን ይከለክላል፤ ፈንግልን ግን አይከለክልም። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ ይመረታል፤ በዓይን ጠብታም ይሰጣል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ የማይቆይ በመሆኑ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ቀን ያስከትብ፤ በየ3 እስከ 4 ወሩም ይድገመው።

ያቺን እናት በተመለከተ፣ ሁለተኛ ዶሮ ከመስጠታችን በፊት ከፈረሰ ቤት በተለመነ እንጨት ማደሪያ ሠራን። እርሷ ቀርከሃ ሰነጠቀች፣ ልጆቹ ሚስማር አቀኑ፣ በሩም የቀድሞው ቤት የመስኮት መዝጊያ ሆነ። ዛሬ እንቁላሉ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ዶሮዎቹን ቆጥራ መቀርቀሪያውን የምትዘጋው ያቺው ትልቋ ልጅ ናት። እኛም ከእንግዲህ ለየቲም ዶሮ ለመስጠት ስንነሣ አስቀድመን የት ታድራለች ብለን እንጠይቅ።