ወረፋም ይጠናል
(የመጠለያ ጣቢያው መምህራን ለነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)



እኛ መምህራን ስለ ጤና ጣቢያ ወረፋ ለመናገር የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ስም ስንጠራ ከማይገኙት ልጆች አንዳንዶቹ ራሳቸው የታመሙ አይደሉም፤ ለታመመች እናታቸው ወረፋ ሊይዙ የሄዱ ናቸው። ስለዚህ ወረፋው የትምህርት ቤቱም ችግር ሆኗል።

ብዙዎቻችን ወረፋን እንደ ድርቅ ከላይ የመጣ አድርገን እንቀበለዋለን። ነገር ግን ወረፋ በሒሳብ የሚጠና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኖርማን ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ የሆስፒታል ተመላላሽ በሽተኞችን ወረፋ አጥንቶ ውጤቱን አሳተመ። በጊዜው ሐኪሙ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ ብዙ በሽተኛ በአንድ ሰዓት ይቀጠር ነበር። የሐኪሙን ጥቂት ደቂቃ ለማዳን የበሽተኛው ሰዓታት ይባክኑ ነበር ማለት ነው። የቤይሊ ምክር አጭር ነበር፤ ይኸውም ሥራ ሲጀመር ሁለት ሰዎች ይገኙ፣ የቀሩት አንድ ምርመራ በአማካይ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል እየተራራቁ አንድ በአንድ ይምጡ፣ ሐኪሙም በሽተኛውም ሰዓት ያክብሩ የሚል ነው።

እስቲ እናስላው። 20 በሽተኞች፣ አንድ ሐኪም፣ ለእያንዳንዱ 6 ደቂቃ እንበል። ሁሉም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቢሰለፉ የመጨረሻው ሰው 114 ደቂቃ፣ ሁሉም በአማካይ 57 ደቂቃ ይጠብቃሉ። በ2 ሰዓት ሁለት ሰዎች ብቻ መጥተው ሌላው በየ6 ደቂቃው ቢከተል ግን ከ6 ደቂቃ በላይ የሚጠብቅ የለም። ሐኪሙ በሁለቱም መንገድ 4 ሰዓት ላይ ይጨርሳል። እርግጥ በተግባር አንዱ 3 ደቂቃ፣ ሌላው 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ የሚዘገይም አለ። አንድ ሰው ሁልጊዜ በር ላይ እንዲገኝ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ቅልጥፍና ሲባል ግን ጥድፊያ ማለት አይደለም። በሦስት ቀን ውስጥ በዚያው ሕመም የተመለሰ ልጅ በመዝገብ ሁለት ሆኖ ቢቆጠርም የዳነ አንድም የለም። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1957 ማይክል ፋሬል የተባለ የኢኮኖሚክስ ምሁር ባቀረበው ዘዴ ቅልጥፍና የሚለካው በተመሳሳይ አቅም ከሚሠሩት መካከል ከተሻሉት ጋር በማነጻጸር ነው። የእኛን ጤና ጣቢያ ብዙ ሐኪምና መሣሪያ ካለው የከተማ ሆስፒታል ጋር ማወዳደር ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ስለሆነም የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የጤና ሠራተኞቹ ከፈቀዱ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለሁለት ሳምንት የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ ሰዓት የተጻፈበት የቁጥር ካርድ ይታደል፤ ካርዱን በየቋንቋው እኛ እንጽፋለን። ሰውነቱ ለሚንቀጠቀጥ ሕፃን፣ ደም ለሚፈሳት እናት፣ መተንፈስ ላቃተው ሰው ግን ካርድም ወረፋም የለም፤ ሁላችንም መንገድ እንልቀቅ።

ሐሳባችሁን ለየመንደሩ ተጠሪ ንገሩ።