«ከመሥሪያ ቤቱ ነው የምደውለው»
በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የአራዳ ልጅ አይታለልም ይባላል። በፒያሳ ያደግን ሁሉ በዚህ እንኮራለን። ዳሩ ግን የዛሬው ሌባ በታክሲ ግፊያ መኻል ኪስ መዳበስ አያስፈልገውም፤ ስልክ ይደውላል።

ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳ ስልኩ ሆኖአል። ደዋዩ በትሕትና «እናቴ፣ ከቴሌ ነው የምደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝና ላስተካክልልዎ» ይላል። ያ ቁጥር ግን እርሱ ራሱ ወደ ሒሳቡ ለመግባት ሲሞክር የተላከ ቁልፍ ነው።

የሚታለሉት ሞኞች ናቸው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከመሥሪያ ቤት የመጣን ሰው ተነሥተን እንድንቀበል ተምረናል፤ በሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋትም ነውር ነው። የሌባው መሣሪያ ይኸው ጨዋነታችን ነው። እናቶቻችንን ባለጌ ሁኑ ልንላቸው አይገባም፤ ይልቅስ «እሺ ልጄ፣ እኔው ራሴ በ994 እጠይቃለሁ» ብለው ይዝጉ። እውነተኛ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም።

ሌላው ሌባ ድምፅ የለውም፤ እርሱም ግን የታመነ ስም ይለብሳል። በ2010 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት እንደተገለጸው፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜል ማስፈንጠሪያ ይላክላቸው ነበር። ቪዲዮውን ለማየት «አዶቢ ፍላሽን አድሱ» ይባላሉ፤ ያወረደው ሰው ግን ሰላይ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስገባ ነበር። ፍላሽን ባለቤቱ ኩባንያ በ2013 ዓ.ም. አቋርጦታል፤ ስለዚህ ዛሬ «ፍላሽ አድስ» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ሐሰት ነው።

በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ደግሞ ፊልም በነጻ ያሳያል እየተባለ በቴሌግራም የሚላከው የኤፒኬ ፋይል አለ። ስልኩ ምንጩ አይታወቅም ብሎ ሲያስጠነቅቅ ጣታችን «ፍቀድ» የሚለውን ለመንካት ይቸኩላል። ለመሆኑ የፊልም ማሳያ መልእክታችንን ለማንበብ ፈቃድ የሚጠይቀው ለምንድን ነው? የባንኩ የምሥጢር ቁጥር የሚመጣው በመልእክት ስለሆነ ነው! እንዲህ ያለው ፈቃድ ሲጠየቅ ፋይሉን መደምሰስ ነው።

በኮምፒዩተር ወንጀል ላይ አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጥቶአል፤ ገንዘቡ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይሸሻል። ቁጥሩን የተናገረ ሰው ካለ ሳያፍር ወዲያውኑ ደውሎ ሒሳቡ እንዲታገድ ይጠይቅ፤ ቀጥሎም የደዋዩን ቁጥርና መልእክቱን ሳይደመስስ ፖሊስ ጣቢያ ይዞ ይቅረብ።