ስለ ሚዛን፥ ስለ አተምና ስለ ንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰጠ ንግግር



ከሰል በማንደጃ ላይ ነዶ ሲያልቅ የሚቀረው ጥቂት አመድ ብቻ ነው። የቀረው ወዴት ሄደ ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ጠፋ» ብሎ ይመልሳል። ኬሚስትሪ የሚባለው ትምህርት ግን ይህን መልስ አይቀበልም። ኬሚስትሪ ማለት ነገር ሁሉ ከምን እንደ ተሠራ፥ አንዱም ከሌላው ጋራ ሲገናኝ ወደ ምን እንደሚለወጥ የሚመረምር ዕውቀት ነው። ይህንም ዕውቀት ለገጠር ልጅ ማስተማር ለጌጥ አይደለም፤ ከሰሉ ወዴት እንደ ሄደ ባለማወቅ በቤቱ ተኝቶ ሳይነሣ የሚቀር ሰው አለና።

ንግግሩ በአራት ይከፈላል፤ መጀመሪያ ስለ ሚዛን፥ ሁለተኛ ስለ አተም፥ ሦስተኛ ስለ ሰንጠረዡ፥ አራተኛ ስለ ከሰል ጋዝ ነው። በውስጡ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፤ ስለ ሚዛን።

ቀድሞ ሰው ርዝመትን በስንዝርና በክንድ፥ እህልን በቁና ይለካ ነበር። ነገር ግን የረጅም ሰው ክንድ ከአጭር ሰው ክንድ ይበልጣል፤ የአንዱም አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ጋራ አይተካከልም። ከዚህ የተነሣ በገበያ ስንት ክርክር እንደ ተነሣ ሽማግሎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እውነተኛ ልክ የሚባለው በማናቸውም አገርና በማናቸውም ሰው እጅ አንድ ሆኖ የሚገኘው ነው። ሜትርና ኪሎግራም የተደነገጉት ስለዚህ ነው። ከ1889 ዓመት ጀምሮ የኪሎግራም መሠረት በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የሚጠበቅ፥ ከፕላቲንና ከኢሪድየም የተሠራ አንድ ብረት ነበር። ዳሩ ግን ብረት በዘመን ብዛት ሊለወጥ ስለሚችል፥ ከ2019 ዓመት ወዲህ ኪሎግራም በማይለወጥ የተፈጥሮ ቍጥር ተወስኗል።

የኬሚስትሪም ሊቃውንት ግምትን ትተው ወደ ሚዛን በተመለሱ ጊዜ ብዙ ነገር ተገለጠላቸው። በፈረንሳይ አገር አንቷን ላቯዚዬ በ1774 ዓመት ቆርቆሮ በብርጭቆ ዕቃ ከቶ፥ አፉን ፈጽሞ ዘግቶ በእሳት አጋለው። ከቆርቆሮው ከፊሉ አመድ መሰለ። ዕቃውን እንደ ተዘጋ ቢመዝነው ክብደቱ ምንም አልጨመረም፥ ምንም አልጐደለም። አፉን በከፈተው ጊዜ ግን አየር ከውጭ እየነፈሰ ገባ፥ ክብደቱም ጨመረ። ከዚህም የተነሣ ቆርቆሮው በዕቃው ውስጥ ከነበረው አየር አንዱን ክፍል ወስዶ ከራሱ ጋራ እንዳዋሐደ ታወቀ። ያም የአየር ክፍል በኋላ ኦክስጅን ተባለ፤ ከ100 እጅ አየር 21 እጁ እርሱ ነው። ላቯዚዬ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በ1794 ዓመት በሞት ተቀጣ፤ በሚዛን ያጸናው ሕግ ግን አልሞተም። ሕጉም ይህ ነው፤ ነገር ሲነድም ሆነ ሲዝግ መልኩን ይለውጣል እንጂ ክብደቱ አይጠፋም።

ሁለተኛ፤ ስለ አተም።

ወርቅ ቢቀጠቀጥም ቢቀልጥም ያው ወርቅ ነው፤ ከእርሱ ሌላ ነገር አይወጣም። እንደዚህ ያለው ንጥረ ነገር ይባላል። ጨው ግን በብልኀት ቢለያይ ሶድየምና ክሎር የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ይወጡታል፤ እንደዚህ ያለውም ውሁድ ይባላል። ወርቁን እየከፋፈሉ ቢሄዱ በመጨረሻ ወርቅነቱን ሳይለቅ ሊከፈል የማይችል ደቂቅ ይገኛል፤ ይህም አተም ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ትርጓሜውም የማይከፈል ማለት ነው።

አተም በክብደት የሚታወቅ መሆኑን ያስተማረው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ነው። እርሱም ገና በ12 ዓመቱ በትውልድ መንደሩ ልጆችን ያስተምር የነበረ የገጠር መምህር ነበር። በ1808 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፥ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች በክብደት እኩል እንደ ሆኑ፥ የልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አተሞችም በተወሰነ ቍጥር እንደሚጋጠሙ ገለጠ። የሃይድሮጅን አተም ክብደት 1 ቢባል፥ የካርቦን 12፥ የኦክስጅን 16 ያህል ነው።

የአተም ትንሽነት ለአእምሮ ይከብዳል። በ12 ግራም ካርቦን ውስጥ ያሉት አተሞች ቍጥር 6 ተጽፎ 23 ዜሮ ሲከተለው የሚገኘውን ያህል ነው። ዛሬም አተም ራሱ ክፍሎች እንዳሉት ታውቋል፤ በመካከሉ ፕሮቶንና ኔውትሮን የሚባሉ፥ በዙሪያውም ኤሌክትሮን የሚባሉ አሉ። አተሙን ካርቦን ወይም ኦክስጅን የሚያሰኘው የፕሮቶኑ ቍጥር ነው፤ ካርቦን 6፥ ናይትሮጅን 7፥ ኦክስጅን 8 አላቸው።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰንጠረዡ።

በ1869 ዓመት የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ። በሩሲያ አገር ድሚትሪ ሜንዴሌዬቭ ለተማሪዎቹ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ንጥረ ነገሮቹን በክብደታቸው ተራ ቢደረድራቸው፥ ጠባያቸው በየጊዜው እየተመለሰ እንደሚመሳሰል አየ። የሚመሳሰሉትንም በአንድ ወገን አኖረ። ተራው በማይገጥምበት ስፍራ ቦታውን ባዶ ተወው፤ ገና ያልተገኘ ንጥረ ነገር እንዳለ ተናገረ፥ ክብደቱንና ጠባዩንም አስቀድሞ ጻፈ።

በ1875 ዓመት ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን ጋልየም የሚባለውን ብረት አገኘ። ክብደቱን ከውሃ ጋራ ቢያስተያየው ከውሃ 4.7 ጊዜ ይከብዳል አለ። ሜንዴሌዬቭ ግን ብረቱን በዓይኑ ሳያይ፥ 5.9 ያህል ሊሆን ይገባልና ዳግመኛ ይመዘን ብሎ ጻፈ። ፈረንሳዊውም ብረቱን አጥርቶ ቢመዝነው 5.9 ሆኖ ተገኘ። በዚህም ሁለት ነገር ይማሯል፤ በሥርዓት የተደረደረ ዕውቀት ያልታየውን እንደሚያሳይ፥ ዐዋቂም ሰው ዳግመኛ መዝን ቢባል እንደማያፍር።

በኋላም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ በ1913 ዓመት የሰንጠረዡ እውነተኛ ተራ በክብደት ሳይሆን በፕሮቶኑ ቍጥር መሆኑን አሳየ። ዛሬ በሰንጠረዡ ላይ 118 ንጥረ ነገሮች አሉ፤ በ7 ረድፍና በ18 ዓምድ ተሰልፈዋል።

አራተኛ፤ ስለ ከሰል ጋዝ።

አሁን ወደ ማንደጃው መመለስ ይገባል። ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። አየር እንደ ልብ ሲያገኝ፥ አንድ የካርቦን አተም ሁለት የኦክስጅን አተሞችን ይይዛል፤ 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋራ ተዋሕዶ 44 ግራም ጋዝ ይሆናል። ከሰሉ የሄደው ወደዚህ ነው፤ ጠፋ የተባለው በአየር ውስጥ አለ። አየር ሲያንሰው ግን አንዱ ካርቦን አንድ ኦክስጅን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ይህም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። በአንድ አተም ማነስ ምክንያት የሚወጣው ጋዝ ብርቱ መርዝ ነው።

ይህ ጋዝ መልክ የለውም፥ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ እርሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ይሞታል። ጢሱ ካለፈና ከሰሉ ከቀላ በኋላ አደጋ የለም ማለት ስሕተት ነው፤ የቀላውም ከሰል ይህን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ የሚነድ ማንደጃ በመኝታ ቤት አይደር፤ ከሰል በሚነድበት ቤት በርና መስኮት ይከፈት። ምልክቱ የታየበት ሰው ቢኖር ፈጥኖ ወደ ውጭ ነፋስ ይውጣ፥ ወደ ሐኪምም ይወሰድ።

መምህሩ ይህን ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ጥቁር ጠጠር ካርቦን፥ ነጭ ጠጠር ኦክስጅን ይሁን፤ ልጆቹ አንድ ጥቁር ከሁለት ነጭ፥ ቀጥሎም አንድ ጥቁር ከአንድ ነጭ ጋራ እያኖሩ የሁለቱን ጋዞች ልዩነት በዓይናቸው ይዩ። ውሃና ጨውን ለየብቻ መዝነው፥ ጨውን በውሃው አሟሙተው ዳግመኛ ይመዝኑ፤ ክብደቱ እንዳልተለወጠ ራሳቸው ይመስክሩ። የ118ቱን ስም በቃል ከማስጠናት ይህ ይሻላል። ሽማግሎችም የማንደጃውን ነገር በየዕድሩና በየማኅበሩ ቢናገሩ፥ ከልጅ አፍ ይልቅ ከሽማግሌ አፍ የወጣ ቃል በቤት ውስጥ ይከበራልና፥ ትምህርቱ ከትምህርት ቤቱ ደጅ አልፎ የሰው ነፍስ ያድናል።