ካሴቱን ለቆራሌ አትስጡት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ አባላት በአንዷ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ሩብ ሰዓት ነው። ቡናው እየተቆላ ስለሆነ ከዚያ ባልፍ ሽታው ራሱ ያስቆመኛል።

እንደምታውቁት በወረዳችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዲት ክፍል ለሙዚቃና ለፊልም እንድናደራጅ ለማኅበራችን ከተሰጠችን ሰባት ወር አልፏል። ደጋፊዎቻችንም ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ ሰጥተውናል። ዛሬ የምንወስነው ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለውን ነው። በኮሚቴያችን ሁለት ሐሳብ ተነሥቶ አልተስማማንም። አንደኛው ትልቅ ቴሌቪዥንና ጥሩ ስፒከር ገዝተን፣ አንድ ሱቅ በሺህ የሚቆጠር ዘፈንና ፊልም ሞልቶ የሚሰጠንን ሃርድ ዲስክ አስገብተን፣ በሚቀጥለው ወር ክፍሏን እንክፈት የሚል ነው። ይህን ያሉት እህቶች ማኅበሩን ስለሚወዱ ነው ያሉት፤ ወጣቶቹ ቶሎ ይምጡልን ብለው ነው። እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁም፤ ለምን እንዳልተስማማሁ ላስረዳ።

ያ ሃርድ ዲስክ የሚይዘው ዘፈን አሁን በእያንዳንዳችሁ ልጅ ስልክ ውስጥ አለ። ልጁ በኪሱ የያዘውን ለመስማት አቧራ አቋርጦ ወደ እኛ የሚመጣበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ማን ከፈለበት? የአንዷ አባላችን ሰፌድ ያለ ዋጋ ተወስዶ ገበያ ላይ ቢሸጥ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዝም የምትል ሴት የለችም። ዘፈንም ፊልምም የሰው እጅ ሥራ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ያው አዋጅ ቤተ መጻሕፍት ለማቆየት ወይም የጠፋውን ለመተካት ሲሉ በተወሰነ ሁኔታ ቅጂ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ሱቅ የሞላውን ዲስክ መግዛት ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው ነገር እኔን በግሌ የሚያንገበግበኝ ነው። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስም የሌለው ፋይል እንቅልፍ ይነሣኛል። ለናሙና ብለው ያሳዩንን ዲስክ ከፍቼ አየሁት። «የድሮ ምርጥ 1»፣ «የድሮ ምርጥ 2» እያለ ይቀጥላል። ዘፋኟ ማናት? ግጥሙና ዜማው የማን ነው? የትኛው ባንድ አጀባት? ምንም የለም። አንድ ወጣት የብዙነሽ በቀለን ድምፅ ሰምቶ «ማናት ይቺ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈነች ናት ብለን ወረቀቱን ካላሳየነው ቤተ መጻሕፍት መሆናችን በምን ይታወቃል?

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ጥቂት እንሰብስብ፤ የምንሰብስበው ግን የተመረጠ፣ ስም ያለውና በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ይሁን። ከዚያም በላይ ገንዘቡ በዋናነት በሰፈራችን ቤቶች ውስጥ እየሞተ ያለውን ለማዳን ይዋል።

ከሚገዛው ልጀምር። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። ሰውየው ደፍሮ አሳተመ። ያ ወጣት ባይደፍር ኖሮ ዛሬ ወርቃማ ዘመን የምንለው ሙዚቃ ብዙው አየር ላይ ቀርቶ ነበር። ከእነዚያ ሸክላዎች ብዙዎቹ ከ1997 ጀምሮ፣ ይህም እ.ኤ.አ. ነው፣ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ ሲዲ ፈረንሳይ አገር እንደገና ታትመዋል። ስለ ዘፋኞቹ የተጻፈ ማብራሪያም አላቸው። ሁሉንም እንግዛ አልልም። ሁለቱ ግን እንዲቀሩብን አልፈልግም። አንዱ 16ኛው ነው፣ የአስናቀች ወርቁ፤ ክራሯን ይዛ የዘፈነችው። አስናቀች በመድረክ ተዋናይነትም ታዋቂ ናት፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ በሚያስነቅፍበት ዘመን። ሌላው 21ኛው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ። እማሆይ ከሸክላቸው የተገኘውን ገንዘብ ለችግረኞች ያዋሉ መነኩሲት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የእኛ ማኅበር መደርደሪያ ከእሳቸው ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ከፊልም በኩል በ1957 ዓ.ም. የወጣውና በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የልብ ወለድ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በሴት ልጅ ስም መጠራቱን ልብ በሉልኝ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ የገበሬ ኑሮ ነው። የሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ በአብዮቱ ዘመን ስላጣቻቸው ወንድሟና ጓደኛዋ በራሷ ድምፅ የተረከችው ነው፤ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ያንን ታሪክ በቤታችን እንዳለን ታውቃላችሁ።

«ድፍረት»ን በሚመለከት ኮሚቴው ውስጥ ተከራክረናል። ፊልሙ በጠለፋ ላይ ነው፣ ሊኖረን ይገባል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ ሊመረቅ በተሰበሰቡበት ምሽት በፍርድ ቤት እግድ ተቋርጦ እንደነበር፣ ታሪኩ የደረሰባት ሴት አልተጠየቅሁም ብላ እንደነበር፣ በኋላም እንደታየ ከፊልሙ ጋር ጽፈን ማስቀመጥ አለብን። የሴትን ታሪክ ለመናገር ሴቲቱን መጠየቅ እንደሚገባ የምታስተምር ወረቀት ከፊልሙ ባልተናነሰ ትጠቅመናለች።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ዲቪዲ ገዝቶ ማዋስ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ሰብስቦ ማሳየት ሌላ ነው። ለማሳየት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ፤ መልስ እስኪመጣ እንታገሣለን።

የሚገዛው ይህ ነው፣ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። አሁን ወደማይገዛው ልሂድ።

ባለፈው ክረምት አንዷ አባላችን ቤቷን ስታድስ አንድ ጆንያ ካሴት ለቆራሌ ልትሰጥ በር ላይ አውጥታው ደረስኩ። ፕላስቲኩን በኪሎ ሊወስደው ነው። ጆንያውን ስንፈትሽ ግማሹ ሙዚቃ ቤት ያስቀዳችው ዘፈን ነው፣ ይሁን። በቀረው ግን በእርሳስ «የአክስቴ ወፍጮ»፣ «የእህቴ ሰርግ፣ 1974» ይላል። ከዚያ ወዲህ ከአባላት ቤት ወደ ሁለት መቶ ካሴትና ጥቂት የቪዲዮ ካሴቶች ሰብስበናል። እሹሩሩ አለ፣ የወፍጮ ዘፈን አለ፣ ሙሾ አለ። እነዚህን ሴቶች ማንም ሸክላ አላሳተመላቸውም።

የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ለኮሚቴው እንኳ ያልነገርኩት ነው። በ1976 ዓ.ም. ሃያ ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ሱዳን ተሰዶ ነበርና እናቴ በሰው እጅ ካሴት ትልክለት ነበር፤ ያኔ ደብዳቤ መጻፍ የማትችል እናት በቴፕ ነበር የምታወራው። አንዱን ካሴት፣ በአንደኛው ገጽ እሷ ተናግራ፣ መጨረሻ ላይ በልጅነቱ ይወደው የነበረውን የወፍጮ ዘፈን ዘፍናለት፣ እሱ በሁለተኛው ገጽ መልሱን ሞልቶ መለሰው። እንዳይጠፋ ብሎ ከላይ ያለችውን ጥርስ ሰብሮ ነበር። እኔ በቀዳዳው ላይ ወረቀት ለጥፌ ከራዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። ባዶ ካሴት መግዣ አልነበረኝም። ደግሞም እናቴ ያን ጊዜ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ ድምፅዋ የሚያልቅ አልመሰለኝም።

እናቴ ካረፈች 19 ዓመቷ ነው። ካሴቱ አሁንም አለኝ። የራዲዮው ዘፈን አልቆ ቴፑ ሊቆም ሲል ትንሽ ያልተቀዳበት ቦታ ተርፏል። የወፍጮው ዘፈን የመጨረሻ ቃልና አንድ ሳል ይሰማል። ቆጥሬዋለሁ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው።

ስለዚህ ስለ ማሽን ስናገር ቁም ነገሬ ማሽኑ አይደለም። ግን ያለ ማሽን ምንም አይሆንም። ካሴት በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፣ ይሻግታል፣ ይጣበቃል። ከካሴቱ በፊት ደግሞ ማጫወቻው ያልቃል። በዓለም የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. 2025ን እንደ ቀነ ገደብ ሲጠቅሱ የኖሩት ለዚህ ነው። መለዋወጫውም የሚጠግነውም ሰው እየጠፋ ነው።

የምጠይቀው ሁለት የተጠገኑ ጥሩ ቴፖች፣ አንድ የቪዲዮ ዴክ፣ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መሣሪያ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለት ያልኩት አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ በማኅበሩ ቢሮ እንዲቀመጥ ነው። ሳይጨመቅ በጥሩ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ሁለት ጊጋባይት ይይዛል፤ ሁለት መቶ ሰዓት ወደ አራት መቶ ነው፣ ዲስኩ ይበቃዋል።

ዋናው ወጪ የሰው ጊዜ ነው፤ ደጋፊዎቻችን እዚህ ላይ እንዲያዳምጡኝ እፈልጋለሁ። ካሴት አይቸኩልም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈልጋል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ብንሠራ ሁለት መቶው ካሴት ስምንት ወር ያህል ይወስዳል። ሲቀዳ ደግሞ ሁለት ሴቶች አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዷ መሣሪያውን የምትይዝ ወጣት፣ አንዷ «ይቺ እገሌ ናት፣ ከበሮውን የምትመታው የእገሌ እናት ናት» የምትል ትልቅ ሴት። ለሁለቱም የቀን አበል እንዲታሰብ እጠይቃለሁ። ደጋፊዎች ለዕቃ መስጠት ይቀላቸዋል፣ ፎቶ ይነሣል። ለትልቋ ሴት ትዝታ የሚከፈለው ገንዘብ ፎቶ የለውም። ካሴቱ ሁለት ዓመት ሊጠብቀን ይችል ይሆናል፤ እማማዎቻችን ግን በዚህ ዓመት ብቻ ሦስቱ ዐርፈዋል።

ሁሉም የሚሰበሰበው ለሕዝብ ጆሮ ነው ማለት አይደለም። አንዷ እህታችን ከቤይሩት የተላከ የሟች እህቷን ካሴት አምጥታ ነበር። ቀዳንላት፣ በፍላሽ ሰጠናት፣ ከእኛ ዘንድ ምንም አላስቀረንም። የቤት ገመና ነው። ለሕዝብ የሚገባው የዘፈነችው ሴት፣ ወይም እሷ ከሌለች ቤተሰቧ ፈርመው የፈቀዱት ብቻ ይሆናል። ፈቅዳ ኋላ ሐሳቧን ብትቀይር እናወጣዋለን።

ቴሌቪዥኑ ይቅር አላልኩም፤ ገንዘብ ከተረፈ ይገዛ።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ካሴት ያላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አምጡ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በአልኮል አትጥረጉት፤ አልኮሉ ለቴፑ ራስ ነው እንጂ ለክሩ አይደለም። የተንጠለጠለ ክር ካለ እንደ ድሮው በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉት፣ አትጎትቱት። በውስጡ ያለውን ባታውቁት እንኳ የማን ቤት እንደነበረ በወረቀት ጽፋችሁ በላስቲክ እሰሩበት።