የበረዶው ምድርና ባለድምፆቹ



የመሬት ሙግት እየሰማን ላደግነው ለእኛ፣ በደቡብ ዋልታ ያለችው የአንታርክቲካ ነገር እንግዳ ነው። ሰባት መንግሥታት «ድርሻችን ነው» ይሏታል፤ የእንግሊዝ፣ የአርጀንቲናና የቺሊ ድርሻ እንዲያውም ይደራረባል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዋሽንግተን ላይ ውል የፈረሙት 12 መንግሥታት ግን ለማንም አልፈረዱም፤ በአራተኛው አንቀጽ ክርክሩን ባለበት አቆሙት። ማንም ይገባኛል ያለውን አልለቀቀም፤ የሌላውን እንዲቀበልም አልተገደደም፤ የጦር ሰፈር ግን አይሠራም። ይህን ብልሃት እናደንቃለን።

የሚቆረቁረን ዘጠነኛው አንቀጽ ነው። ኋላ የገባ አገር ስለ ፈረመ ብቻ ድምፅ አያገኝም፤ ጣቢያ በማቆም ወይም የምርምር ጓድ በመላክ ከፍ ያለ የሳይንስ ሥራ ማሳየት አለበት። በዚያ ብርድ ጣቢያ ማቆም የማን ኪስ ይችላል? ከአፍሪካ ድምፅ ያላት ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፤ እርሷም የፈረመችው በአፓርታይድ ዘመን ነበር። ማሌዢያ በ1983 ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አቀረበች፤ በ2011 ግን ራሷ ውሉን ተቀበለች።

ማዕድን ማውጣትን የከለከለው የ1991 የማድሪድ ፕሮቶኮል ከ2048 ጀምሮ፣ ከባለድምፆቹ አንዱ እንኳ ከጠየቀ፣ እንደገና ለጉባኤ ሊቀርብ ይችላል። አገራችን ውሉን አልፈረመችም። ትፈርም ወይስ አትፈርም? መምህሮቻችን የሚሉትን ለመስማት መድረኩን እንለቃለን።