በሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ ስለ ዋልንበት ቀን የተነገረ ንግግር



በአንድ የበልግ ቀን ከሦስት ወዳጆቼ ጋራ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፥ በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የተሠራውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ወደ ይፋት ቆላ ወረድን። ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሐሩር ቍልቍለቱ 1500 ሜትር ያህል ነው።

የሮቢ ወንዝ ውሃው ጐድሎ፥ አሸዋው በሰፊው ተነጥፎ ነበር፤ እኛም በመካከሉ ምሳችንን ዘርግተን ተቀመጥን። ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከዳር ሆነው «ልጆቼ፥ ደጋው ጠቍሯልና ተነሡ» አሉን። ወዳጆቼ ተነሡ፤ እኔ ግን ከራሴ በላይ ያለውን ጥሩ ሰማይ አይቼ ዘገየሁ። እኒያ ሽማግሌ ወርደው እጄን ይዘው አወጡኝ። ጥቂት ቈይቶ ደራሽ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ፤ ምሳችንንም የተቀመጥንበትንም ስፍራ ጠርጎ ወሰደው።

የቆላ ሰው ወንዝ ሲሻገር የሚመለከተው ተራራውን ነው፤ ያም አሸዋ ጐርፍ ከደጋው እየሸረሸረ ያወረደው ነውና። ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፥ አይቶ የሚያውቅ ሲመክረን እንስማ፤ በደጋ የምንኖርም ዛፉን ስንቈርጥ ጐርፉ በማን ላይ እንደሚወርድ እናስብ።