አጨዋወት ወይስ ልማድ?
በካምፑ የቼዝ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር

ዛሬ የምንነጋገረው በስልኩ ቼዝ ስለሚጫወት አንድ ተራ ተጫዋች አጨዋወትና ስለ መሻሻያው መንገድ ነው። የዓለም ሻምፒዮኖችን ስም አልፎ አልፎ ብናነሳም ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው።

ይህን ርዕስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። አብሮን ከሚጫወቱት ወጣቶች አንዱ በቅርቡ ቼዝ ሊተው መሆኑን ነገረን። ስሙን አንጠራም፤ ጉዳዩን የምናነሳውም እሱ ፈቅዶልን ነው። ይህ ወንድማችን ከአንድ ዓመት በላይ በስልኩ ተጫውቷል፤ ለሌላ ነገር ሊውል ይችል የነበረውን ገንዘብ ለኢንተርኔት ካርድ አውሏል፤ ነጥቡ ግን እንደ ዥዋዥዌ ወጣ ወረድ ከማለት በስተቀር ከነበረበት አልራቀም። «ጭንቅላቴ አይሠራም ማለት ነው» አለን። ቼዝ መተው መብቱ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሲተው ግን ዝም ብለን ማየት አልፈለግንም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 20 ጨዋታዎች ከስልኩ እያወጣን በሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ ደገምናቸው። ሥራው ሦስት ምሽት ፈጀ።

ከመጀመራችን በፊት «አጨዋወትህ ምን ዓይነት ነው?» ብለን ጠይቀነው ነበር። ሳያመነታ «ማጥቃት ነው፤ እንደ ታል» አለን። ሚኻኤል ታል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1961 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ የላትቪያ ሰው ነው፤ ጠጠሮቹን እየሠዋ በሚያደርገው ማጥቃት ይታወቃል። ወንድማችን የታልን ጨዋታዎች በቪዲዮ አይቶ ወዷቸዋል። መውደዱ መልካም ነው። በሰሌዳው ላይ ያገኘነው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ነጭ በሆነባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አጀማመሩ አንድ ነው። በመጀመሪያ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ያስወጣል። በሁለተኛው እርምጃ ንግሥቲቱን በሰያፍ እስከ ሰሌዳው ዳር ይልካታል። በሦስተኛው ቢሾፑን ያወጣል። ተጋጣሚው ካልነቃ በአራተኛው እርምጃ ንግሥቲቱ ከጥቁሩ ንጉሥ ቢሾፕ ፊት ያለውን ወታደር በልታ ማት ትላለች። ያ ወታደር የሚመረጥበት ምክንያት ጨዋታው ሲጀመር ከንጉሡ በስተቀር ሌላ ጠባቂ ስለሌለው ነው። ብዙዎቻችን ቼዝ በተማርን ሰሞን በዚህ መንገድ ተሸንፈናል፤ አሸንፈናልም።

ተጋጣሚው የነቃ እንደሆነስ? ንግሥቲቱ ስትመጣ ጥቁር አንዱን ፈረሱን አውጥቶ የመሐል ወታደሩን ይጠብቃል። ቢሾፑ ሲወጣ በፈረሰኛው በኩል ያለውን ወታደር አንድ ቤት ገፍቶ ንግሥቲቱን ያባርራታል። ንግሥቲቱ ወደ ኋላ መለስ ብላ እንደገና ያንኑ ደካማ ወታደር ብታነጣጥር፣ ጥቁር ሁለተኛ ፈረሱን አውጥቶ መንገዷን ይዘጋል። እዚህ ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ። ጥቁር ሁለት ፈረሶች አውጥቷል። ነጭ ግን ንግሥቲቱን ሁለት ጊዜ አንከራትቶ የገዛ ፈረሱ ሊወጣበት የሚገባውን ቤት በእርሷ አስይዟል። ይህ ማጥቃት አይደለም፤ ተጋጣሚው እንዲተኛ መጸለይ ነው። ታል ጠጠሮቹን የሚሠዋው አብዛኛውን ጊዜ ሌሎቹን ካወጣና ካዘጋጀ በኋላ ነበር። ወንድማችን ደግሞ ፈረሶቹና ግንቦቹ ገና በረት ውስጥ ሳሉ በአንዲት ንግሥት ብቻ ዘመቻ ይወጣል።

ይህን ስንነግረው ትንሽ ቅር አለው። ይሁን እንጂ የሚገርመው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ከተሸነፈባቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ የጠፉት በአጀማመሩ ምክንያት እንኳ አልነበረም። ጥበቃ የሌለውን ፈረስ ወይም ግንብ በአንድ እርምጃ በነፃ አስበልቶ ነው የተሸነፈው። ቀሪዎቹ ደግሞ ብልጫ ይዞ መጨረስ ያቃተው ናቸው፤ አንድ ወታደር ተርፎት፣ ንጉሡን ወዴት እንደሚወስድ ሳያውቅ ጨዋታው አቻ ወጥቶበታል ወይም ሰዓቱ አልቆበታል።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። በእኛ ደረጃ ያለ ተጫዋች «አጨዋወቴ» የሚለው ነገር ብዙውን ጊዜ ልማድ ነው። አጨዋወት ማለት ሁለት ጥሩ እርምጃዎች ቀርበውልህ አንዱን ስትመርጥ ነው። አንዱን ብቻ የምታውቅ ከሆነ አልመረጥክም። ወንድማችን በመከላከል ተጫውቶ ስለማያውቅ ማጥቃትን መርጧል ለማለት ያስቸግራል።

ልማዱ ከየት መጣ ብለን ስንመረምር ከሰዓቱ መጣ። የሚጫወተው በ3 ደቂቃ ብሊትዝ ነው፤ ለጠቅላላው ጨዋታ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ማለት ነው። ጨዋታው 40 እርምጃ ቢሄድ ለአንድ እርምጃ አምስት ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሰው የሚያደርገው ከዚህ በፊት ያደረገውን ነው። ይህ ደግሞ በዕድሜ ገፋ ያሉት አባቶቻችን የሚያውቁትን ያገራችንን ሰንጠረዥ ያስታውሰናል። በሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። መጀመሪያ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ጎበዝ ተጫዋች ግን በወረራው ጊዜ እጁ ቢሮጥም ዓይኑ ከተጋጣሚው ሰልፍ ላይ አይነሳም። ያኛው ጠጠሮቹን የሚያሰልፍበትን እያየ የራሱን ይለውጣል። የእኛ የስልክ ብሊትዝ እጁን ከወረራ ወስዶ ዓይኑን ትቶታል። ጨዋታዎቹን ስንደግም «እዚህ ጋ ተጋጣሚህ ምን አስቦ ነበር?» ስንለው ብዙ ጊዜ መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ሰዓቱን ማርዘም ነው። በ3 ደቂቃ አምስት ጨዋታ ከመጫወት ለየሰው 15 ደቂቃ ተሰጥቶ አንድ ጨዋታ መጫወት ይሻላል። ጊዜው ያው ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ ልክ ናችሁ። በመሐል መስመሩ ሲጠፋ ሰዓቱ ይፈሳል፤ መሸነፉም ያበሳጫል። ለዚህ ነፃ በሆነው ሊቼስ ላይ በቀናት የሚቆጠር ጨዋታ አለ፤ ለአንድ እርምጃ ከ1 እስከ 14 ቀን መወሰን ይቻላል። ጠዋት መስመር ሲገኝ የተጋጣሚህን እርምጃ ታያለህ፤ ውኃ ስትቀዳ፣ ወረፋ ስትጠብቅ ታስብበታለህ፤ ማታ ትመልሳለህ። ለወረፋ የሚሆን ጨዋታ ቢኖር ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክር አንድ እርምጃ ከመንካታችን በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ተጋጣሚዬ ንጉሤን ቼክ ሊለው ይችላል ወይ? ሊበላብኝ የሚችለው ነገር አለ ወይ? ቀጥሎ ሊያስፈራራኝ ያሰበው ምንድን ነው? ይህ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ወንድማችንን በሰሌዳ ላይ እጁን ከጭኑ በታች አድርጎ እንዲቀመጥ አዘዝነውና ሦስቱን ጥያቄ ድምፁን አውጥቶ እንዲጠይቅ አደረግን። ሳቅ በሳቅ ሆነ። በዚያ ምሽት ግን አንድም ፈረስ በነፃ አላስበላም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ፤ እሱም የተሸነፉበትን ጨዋታ መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የሶቪየት ኅብረቱ ሚኻኢል ቦትቪኒክ በዚህ ጉዳይ አጥባቂ ነበር። ተጫዋች የገዛ ጨዋታውን መርምሮ ለሌሎች ትችት ማቅረብ አለበት ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ ስቶክፊሽ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስህተታችንን ነቅሶ ያሳያል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ እሱን አትክፈቱ። መጀመሪያ ጨዋታውን ራሳችሁ ድገሙት። ጨዋታው የተበላሸው እዚህ ጋ ነው የምትሉትን ቦታ በወረቀት ጻፉ፤ በዚያን ጊዜ ምን አስባችሁ እንደነበርም ጻፉ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ጠይቁት። ማሽኑ የት እንደተሳሳታችሁ ይነግራችኋል፤ ቸኩላችሁ ይሁን፣ ፈርታችሁ ይሁን፣ ባለፈው ሽንፈት ተናዳችሁ ይሁን አያውቅም። ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ወንድማችን ወረቀቱን ሲሞላ ያገኘው አንድ ነገር እኛም ያላየነው ነበር፤ መጥፎዎቹ ጨዋታዎች ሁሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የሽንፈቱን ብድር ለመመለስ በተከታታይ የተጫወታቸው ነበሩ።

ስለ ጨዋታ መጨረሻ ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ በ1921 ያሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ የሚጀምረው ቀላል ማቶችንና ጥቂት ጠጠር የቀረበትን ሰሌዳ በማስተማር ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ለመለማመድ ሁለት ንጉሥና አንድ ወታደር፣ ማለትም ሦስት የጠርሙስ ክዳንና በካርቶን ላይ የተሰመረ ሰሌዳ ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ ንጉሣችሁ ከወታደራችሁ ቀድሞ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ከደረሰ፣ ወታደሩም ከኋላው ካለ፣ ተራው የማንም ይሁን የማን ታሸንፋላችሁ፤ የዳርና የዳር ወታደሮች ብቻ ከዚህ ውጪ ናቸው። ሁለተኛ፣ ወታደር ብቻውን ሲሮጥ የተጋጣሚው ንጉሥ ይደርስበት እንደሆነ ለማወቅ እርምጃ መቁጠር አያስፈልግም። ወታደሩ ካለበት እስከ ንግሥት መሆኛው ረድፍ ድረስ ያለውን ርቀት ጎን አድርጋችሁ በሐሳብ እኩል አራት ማዕዘን ሥሩ። ንጉሡ በተራው እዚያ ውስጥ መግባት ከቻለ ይደርስበታል፤ ካልቻለ አይደርስበትም። ወታደሩ ገና ከመነሻው ያልተንቀሳቀሰ ከሆነ ሁለት ቤት መዝለል ስለሚችል ከአንድ ቤት ፊት እንዳለ ቁጠሩት። ወንድማችን ይህን ያወቀው በግማሽ ሰዓት ነው፤ አቻ ከወጣባቸው ጨዋታዎች ሁለቱን ዛሬ ቢጫወታቸው ያሸንፋል።

ስለ ነጥብም አንድ ነገር እንበል፤ ልጆቻችን የሚበሳጩበት እሱ ነውና። ይህ ቁጥር አእምሮን አይለካም። የሚለካው ባለፉት ጨዋታዎች ከማን ጋር ተጫውተህ ምን እንዳገኘህ ነው። በ200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከአራት ጨዋታ ወደ ሦስት ነጥብ ያህል እንዲያገኝ ይጠበቃል። ድረ ገጹ ግን ሆን ብሎ ከእኩያህ ጋር ስለሚያጋጥምህ ግማሹን ማሸነፍህና ግማሹን መሸነፍህ ደንቡ ነው። አዲስ ገቢ በአንዱ ድረ ገጽ የሚጀምርበት ቁጥርም ከሌላው ይለያል፤ ሊቼስ ለምሳሌ በ1500 ይጀምራል፤ ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። እኛ በዚህ ቦታ ብዙ ቁጥር የተሰጠን ሰዎች ነን፤ የካርድ ቁጥር፣ የፋይል ቁጥር፣ የቤት ቁጥር። ከሁሉም ውስጥ በራሳችን ጥረት የሚለወጠው የቼዙ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ቢሆን በየማታው እየታየ አይለወጥም። ወንድማችን ቁጥሩን ለሁለት ወር ላለማየት ተስማምቷል። ድረ ገጹ ቁጥሩን መደበቅ ያስችላል።

ስልክ የሌላችሁ ደግሞ ቀረብን እንዳትሉ። በካምፓላ ካትዌ ከሚባለው የድሆች ሠፈር የወጣችው ፊዮና ሙቴሲ ቼዝ የተማረችው ሮበርት ካቴንዴ የሚባል አሠልጣኝ ለሕፃናት ገንፎ እየሰጠ በሚያስተምርበት ቦታ፣ በሰሌዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ከተቀመጡ ልጆች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሩሲያ ውስጥ በተደረገው የቼዝ ኦሎምፒያድ ለኡጋንዳ ተሰልፋለች። በካኩማ ካምፕም እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽንና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ለስደተኞች የቼዝ ትምህርት ጀምረዋል። በሰሌዳ ላይ ሲጫወቱ ተጋጣሚው ሲያስብ ይታያል፤ ላቡ ይታያል። ይህን ስልክ አይሰጥም። ከጎን ቆሞ «ፈረሱን! ፈረሱን!» የሚል ተመልካችም ስልክ ላይ የለም፤ እሱን ግን ብናጣው አይቆጨንም። ዛሬ ከኋላ የቆማችሁ ይህ ለእናንተ ነው።

ወንድማችን አሁንም ይጫወታል። ይተወዋል ወይም አይተወውም፤ ገና አልወሰነም። ባለፈው ሳምንት ያመጣልን ወረቀት ላይ ጥቁር ሆኖ የተጫወተው ጨዋታ ነበር፤ ተጋጣሚው በሁለተኛው እርምጃ ንግሥቲቱን አወጣበት። እሱም ፈረሱን አወጣ፣ ወታደሩን ገፋ፣ ሁለተኛውን ፈረስ አወጣ። ጨዋታውን በ52ኛው እርምጃ ተሸነፈ። ከ20ዎቹ አንዱም ይህን ያህል አልረዘመም ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ እዚሁ እንገናኛለን። እያንዳንዳችሁ የተሸነፋችሁበትን አንድ ጨዋታ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፤ አጻጻፉን የማታውቁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ኑ፣ እናሳያችኋለን። ያሉን ሰሌዳዎች ስድስት ብቻ ስለሆኑ ካርቶንና ክዳን ያላችሁ ይዛችሁ ብትመጡ ይጠቅመናል።